የኣቦይ ኣረፋይነ ባዶ ሆድ

ነርስ እድላዊት በምትሠራበት የቲቢ ክፍል የእያንዳንዱ ታካሚ ውጤት በመዝገቡ የመጨረሻ ዐምድ ላይ ይሰፍራል፦ ዳነ፣ ጨረሰ፣ ሞተ፣ አቋረጠ። የመጨረሻዋን ቃል መጻፍ አትወድም። የሞተ ሰው ቢያንስ የት እንዳለ ይታወቃል።

ኣቦይ ኣረፋይነ አርባ አንድ ቀን አንድም ጠዋት ሳያጓድሉ መጥተው፣ ኪኒናቸውን ፊቷ ውጠዋል። ከዚያ ቀሩ። ዛሬ ዐሥራ ስድስተኛ ቀናቸው ነው፤ ስልካቸውም አይነሳም።

“ተሻላቸዋ። ሲሻለው የማይቀር ማን አለ?” አላት የላቦራቶሪው ሔሩይ።

“የተሻለው ሰው አንድ ቀን ይቀራል፣ ይመጣል፣ ደግሞ ይቀራል። እሳቸው ግን በአንድ ጊዜ ነው ያቆሙት።”

ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ ወደ ኋላ ቆጠረች። የቀሩት ሰኞ ነው፤ ዐቢይ ጾም የገባበት ሰኞ።

ከሰዓት በእግሯ ቀዳማይ ወያነ ወደሚባለው ሰፈር ሄደች። ሽማግሌው ከአንዲት ጠባብ ሱቅ በር ላይ ተቀምጠው ምድጃ ይጠግናሉ። ከደሴ መምጣቷን ስለሚያውቁ በአማርኛ ነው የሚያናግሯት።

“ደኅና ነሽ ጓለይ፣ ልጄ? ምድጃሽ ተበላሸ?” አሉ፣ ጎረቤት እንዲሰማ ጮክ ብለው።

“አዎ፣ አልነድ አለኝ” አለች፣ መታመማቸውን መደበቅ እንደፈለጉ ገብቷት። አጠገባቸው ተቀምጣ ድምጿን ዝቅ አደረገች። “ልቆጣዎት አልመጣሁም ኣቦይ። ምክንያቱን ማወቅ ፈልጌ ነው።”

“አንቺው አይደለሽ ‘በጠዋት፣ በባዶ ሆድ’ ያልሽኝ? እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም አልቀምስ። ከጠዋት ካለፈ አይሠራም ብዬ ተውኩት። ከፋሲካ በኋላ እቀጥላለሁ።”

“የንስሐ አባትዎ ለታመመ ሰው ይፈቅዱ የለ?”

“ይፈቅዳሉ። ግን ምን ታመምክ ይሉኛል። እሳቸው ከሰሙ ባለቤታቸው ትሰማለች። እሷ ከሰማች ደግሞ ዓይደር ሰፈር ድረስ ብሄድ ምድጃ የሚሰጠኝ አላገኝም።” ሳቁ። ሳቁ መሀል ላይ ሳል ሆነ።

ባለፈው ወር ይህ ሳል ጠፍቶ ነበር። እስከ ፋሲካ አርባ ቀን ይቀራል፤ ያን ያህል ከተቋረጠ በሽታው መድኃኒቱን ሊለምደው፣ ኪኒኑም ከዚያ ወዲያ ላያድናቸው ይችላል።

“ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሆድዎ ውስጥ ምን አለ?” አለች ድንገት።

“ምን ይኖራል? ነፋስ።”

እድላዊት ይህን ጥያቄ ማንንም ጠይቃ አታውቅም።

“ታዲያ ከዚህ የበለጠ ባዶ ሆድ ከየት ይመጣል? ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይውጡትና ትንሽ ቆይተው ይብሉ። ጠዋት ያልነው ለእኛ ስለሚመቸን ነው። ክፍሉ ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ ነገ ግን አስፈቅጄ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እከፍትልዎታለሁ።”

“ይህን ቀድመሽ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?”

“እርስዎስ ቀድመው ቢጠይቁኝ?”

አለቃዋን አስፈቅዳ በማግስቱ ከሰዓት ክፍሉን ከፈተች። ዘጠኝ ሰዓት አለፈ። ዘጠኝ ተኩል ሊሆን ሲል ኣቦይ ኣረፋይነ ብቅ አሉ፤ ከኋላቸው ነጠላዋን እስከ ዐይኗ የተከናነበች ሴት ቆማለች።

“ጠዋት ጠዋት ወረፋ ላይ ነው የምንተዋወቀው። እሷም ከዚያው ሰኞ ጀምራ ቀርታለች” አሉ። “መግባት አፍራ ደጅ ላይ አቆየችኝ።”

እድላዊት ለሴትዮዋ ወንበር ሳበችላትና ሁለት ብርጭቆ ውሃ ቀዳች።