የሌንሱ ዕድሜ ልክ

የአምበሩ የቅኔ መምህር መሪጌታ አካለ ወልድ «ደህና አደሩ» ቢሏቸው እንኳ ከሰሙ ሥር ወርቅ የሚፈልጉ ሰው ናቸው። ጉድ ያመጣባቸውም ይኸው ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት ደብረ ማርቆስ ላይ የግራ ዓይናቸው ሞራ ተገፎ ሰው ሠራሽ ሌንስ ሲገባላቸው (ቀኙ ድሮ ጠፍቷል)፣ ነርሷ ሶልያና «አይስጉ የኔታ፣ ሌንሱ ዕድሜ ልክዎን ያገለግላል፤ ብቻ ክትትሉን እንዳያቋርጡ» አለቻቸው። ጠብታውን የምታደርግላቸው፣ የቀጠሮ ካርዱንም ከሚዶዋ አጠገብ ግድግዳው ላይ ሰክታ የምታስታውሳቸው ባለቤታቸው ወለተ ኢየሱስ ነበረች። እሷ ዓምና ሞተች። ቀጠሮውም አብሯት ተቀበረ።

ዘንድሮ ያ ዓይን ጉም ለበሰ። መሪጌታም ቅኔውን ፈቱት፦ ሌንሱ ዕድሜ ልክ ከሆነ፣ ሌንሱ ሲያልቅ ዕድሜም አለቀ። የደነገጡ እንዳይመስላችሁ፤ ደስ አላቸው። ደቀ መዛሙርቱ ተበትነው፣ ባዶ ቤት አንገፍግፏቸው ነበር። ንስሐ ገቡ። መጻሕፍታቸውን ሁሉ ቁይ ከተማ ላለው የቀድሞ ተማሪያቸው ለአንሙት ላኩ። ከዚያ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ሞትን ጠበቁ። ሁለት ወር ሙሉ ሳይመጣ ቀረ።

በመጨረሻ የሰው ዕቃ ይዞ መሞት ነውር መስሏቸው፣ ካርዱን ሊመልሱ ደብረ ማርቆስ ሄዱ።

«የኔታ! የት ጠፍተው ነው?» አለች ሶልያና።

«ሌንሱ አለቀ፣ ልጄ። ካርድሽን ተረከቢኝ።»

ሐኪሙ ግን መርምሮ ሳቀ። «ሌንሱ ደህና ነው፣ አባቴ። ከጀርባው ያለው ስስ ሽፋን ነው የደፈረሰው፤ ብዙ ሰው ይገጥመዋል። በቀጠሮዎ ቢመጡ ኖሮ ይህን ያህል ባልተጉላሉ።» ሽፋኑን በጨረር ከፈተላቸው፤ ጥቂት ደቂቃ ነው የፈጀ።

«ዕድሜ ልክዎን ነው ብዬዎት አልነበር?» አለች ሶልያና፣ ካርዱ ላይ አዲስ ቀጠሮ እየጻፈችላቸው።

በማግስቱ ጠዋት ቤታቸው ውስጥ ሁሉም ነገር ጥርት ብሎ ታያቸው። የመጻሕፍቱ መደርደሪያ ባዶ ነው። የወለተ ኢየሱስ መደብ አቧራ ለብሷል። ሚዶዋ ላይ አንዲት ሽበት ተጠምጥማ ቀርታለች፤ ዓመት ሙሉ እዚያው ነበረች። መሪጌታ አለቀሱ።

«ዕድሜ ልክ» አሉ። ዳኛም ሲፈርድ በዚሁ ቃል ነው። በዕድሜያቸው ከተቀኙት ሁሉ ይኼኛው ሳይበልጥ አይቀርም፤ የሚሰማቸው ግን አልነበረም።

ካርዱን ከሚዶዋ አጠገብ ሰኩት።