በነጻ የቆመች መኪና

«ቀስ! ቀስ በይ እንጂ ሂለሪ፤ ከነጠቅሽው ይለቅቃል!» አለ ክላይቭ፣ ከወደቡ ግንብ ጠርዝ ላይ ተንበርክኮ።

ሂለሪ ለሸርጣን ማጥመጃ ሥጋ ያሰሩበትን ገመድ ሳብ አደረገችው። የአሳማ ሥጋ ቁራጯን የሙጥኝ ያለ ሸርጣን ከውሃው ብቅ አለና፣ ሁለቱን አይቶ የታዘበ ይመስል ጥልቅ ብሎ ተመልሶ ገባ።

«ሥጋህ አልጣመውም» አለች።

«እንዴት አይጥመውም? ከቁርሴ አካፍዬ ነው ያመጣሁለት!»

ክላይቭ ሚስቱን ከቀበረ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ሂለሪም ባሏ ሞቶባት እንደ እሱ ብቻዋን የቀረች ናት፤ በቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ ከኋላው ትቆማለች። «አንድ ቀን አብረን እንዋል» ለማለት የብርዱን ወራት በሙሉ አንደበቱ ተሳስሮ ከረመ። የዛሬው ቀን ካልሰመረ ሁለተኛ እንደማይጠይቃት እሱም ያውቃል፤ እኛ ጎረቤቶቹም እናውቃለን።

ሴት ልጁ በስልክ አስጠንቅቃው ነበር። «አባዬ፣ ስለ እግዚአብሔር ብለህ ደህና ሻይ ቤት ውሰዳት። በነጻ የሚገባበትን ቦታ ሁሉ እንዳታዞራት!»

ግን ሰው ከልማዱ በምን ይወጣል? ክላይቭ በአውራጃችን በኖርፎክ የማያስከፍል ቦታ አንድም አይቀረው፤ የፈረሰውን ገዳም፣ እሁድ እሁድ በሩን የሚከፍተውን የነፋስ ወፍጮ፣ ሁሉንም በቃሉ ያውቀዋል። ከሁሉ የሚኮራው ግን በነጻ መኪና ማቆሚያ በማግኘቱ ነው። ጠዋት ሌላው ሰው ሽቅብ ወጥቶ ኮረብታው ላይ ከፍሎ ሲያቆም፣ እሱ ግራጫዋን መኪናውን ከግንቡ ሥር በተንጣለለው የጠጠር ሜዳ ላይ አሳረፋት።

«እይው፣ ሰው የለበትም! ሕዝቡ ገንዘቡን መበተን ይወዳል» አላት።

ሳንዱዊቻቸውን በልተው ከፔርሙዙ ሻይ ቀዱ። ሸርጣኖቹም ተራ በተራ እየወጡ ባልዲው ውስጥ ይንኮሻኮሹ ጀመር።

«ማሪዮን ይሄን ቦታ ትወደው ነበር» አለ ክላይቭ ሳያስበው።

ደነገጠ። ከቀብሯ ወዲህ የሚስቱን ስም ለሰው አንስቶ አያውቅም። ሂለሪ ኩባያዋን ይዛ ወደ እሱ ዞረች። እሱም ቀጠለ። ማሪዮን አልጋ ከያዘች በኋላ በየቀኑ «ባሕሩ ዛሬ እንዴት ዋለ?» እያለች ትጠይቀው ነበር። እሱም ሳይሄድ እንደሄደ ሆኖ ይነግራታል፤ ማዕበሉን፣ ወፎቹን፣ ጀልባዎቹን። እሷም መዋሸቱን እያወቀች «ከዚያስ?» ትለዋለች።

«ይቅርታ ጌታዬ» አለ አንድ ሰው ከኋላቸው። እስከ ጭኑ የሚደርስ ቦቲ የተጫማ ጀልበኛ ነበር። «ጨዋታችሁን አቋረጥኩ። ያቺ ግራጫ መኪና የእርስዎ ትሆን እንዴ?»

ክላይቭ ዞረ። ጠዋት ሸሽቶ የነበረው ባሕር ተመልሶ ሞልቷል። የጠጠሩ ሜዳ የለም፤ መኪናዋ እስከ በሯ እጀታ ውሃ ውስጥ ተቀምጣለች። ግንቡ ላይ የተደረደረው ሰው ሁሉ አይስክሬሙን እየላሰ ያያታል። ሲያያትም ቆይቷል፤ በሰው ጉዳይ መግባት ነውር ሆኖበት ነው እንጂ ያልተናገረው።

«እዚያ ሰው ለምን እንደማያቆም አልጠረጠሩም?» አለ ጀልበኛው።

ክላይቭ ወደ ሂለሪ ተመለሰ። «አንቺስ አላየሻትም?»

ሂለሪ ፊቷ ቀላ። «ውሃው ጎማዋን ሲነካ አይቻለሁ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«ስለ ማሪዮን እያወራህ ነበራ» አለች። «ካቋረጥኩህ መልሰህ የምትጀምረው አልመሰለኝም።»

ጀልበኛው ጉሮሮውን ጠረገ። «ሞተሯ እንደሆነ ጠጥቶ ጠግቧል። ትራክተር አለኝ፤ አሁኑኑ ላምጣ ወይስ ውሃው እስኪሸሽ ትጠብቃላችሁ?»

ሂለሪ ቀኑ ማለቁን ተረድታ ፔርሙዙን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ ዚፑንም ዘጋች። ሸርጣኖቹን ወደ ባሕር ልትመልስም ባልዲውን አነሳች።

ክላይቭ መኪናውን አየ። ቀጥሎ እሷን አየ። ስልኩን ከኪሱ አወጣና፣ ለማን እንደሚደውል ጠፍቶት እንደሆነ እንጃ፣ መልሶ ከተተው።

«እንጠብቃለን» አለው ጀልበኛውን፤ እግሩንም ከግንቡ ቁልቁል ሰድዶ ተቀመጠ። «ስለ ራሴ ስለፈልፍ ዋልኩ እኮ፣ ሂለሪ። እስቲ ደግሞ አንቺ ስለ ጄፍሪ ንገሪኝ። ምን ዓይነት ባል ነበር?»

ሂለሪ ባልዲውን አስቀምጣ የቦርሳዋን ዚፕ መልሳ ከፈተች።