እትዬ መቀስ ምንም አይጎድላቸውም

ጡረታ የወጡትን ልብስ ሰፊ ሰፈሩ «እትዬ መቀስ» ይላቸዋል፤ ከሙያቸው ይልቅ ለምላሳቸው ነው። ያን ዕለት ጠዋት የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ልትመጣ ነበር፤ ቤት ድረስ እየመጣ የሚያግዛቸው ሰው ያስፈልጋቸው እንደሆነ ልታይ። እሳቸው ደግሞ «ለእንግዳ ማን ጉዱን ያሳያል?» ብለው ወለሉን ወለወሉ፣ መጋረጃውን ቀየሩ፣ የክት ቀሚሳቸውን ለበሱ።

«አክስቴ፣ በናትሽ ተይ!» አለች አብራቸው የምትኖረው የእህታቸው ልጅ። ሌላ ከተማ ሥራ አግኝታ ሰኞ ትጀምራለች፤ ለአክስቷ ረዳት ካልተገኘ ግን ንቅንቅ አልልም ብላ ምላለች። «ሴትዮዋ ያየችውን ነው የምታምነው። እንደምትቸገሪ ንገሪያት።»

«ለማኝ ልታደርጊኝ ነው? ደህና ነኝ አልኩሽ፣ ሂጂ!»

በእጃቸው ያደገች ልጅ ናትና እንድትሄድ ከልባቸው ይፈልጋሉ። ጤነኛ መስዬ ከታየሁ ሐሳቧን ጥላ ትሄዳለች ባይ ናቸው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለው ተረት የተነገረው ለሌላ ሰው ነው፣ ለእሳቸው አይደለም።

ሠራተኛዋ አረንጓዴ ካፖርት ለብሳ መጣች።

«እማማ፣ ገላዎን ራስዎ ይታጠባሉ?»

«ታዲያ ማን ሊያጥበኝ ነው?»

«ምግብስ?»

«አበስላለሁ እንጂ! አንቺንም ላብላሽ፣ ከስተሻል።»

«ደረጃ መውጣትስ?»

«እንሽቀዳደም፣ እቀድምሻለሁ።»

የእህታቸው ልጅ መስማት አቃታትና ወደ ጓዳ ገባች። ሠራተኛዋም የምትጠይቀውን ጨርሳ ልትነሳ ስትል የካፖርቷ ቁልፍ ተበጥሶ ወደቀ። እትዬ መቀስ ፊታቸው በራ። ይህማ ሙያቸው ነው! የእህታቸው ልጅ ሁልጊዜ ጠዋት ክር አስገብታ ስፖንጅ ላይ ከምትሰካላቸው መርፌዎች አንዱን መዘዙና ካፖርቱን እንደለበሰችው ቁልፉን በጣታቸው እየዳሰሱ ሰፉላት።

«ይኸው! ካፖርቱ ያልቃል እንጂ እሱ አይነቀልም።»

ሠራተኛዋ ወደ ደረቷ አየች። አረንጓዴው ላይ ደማቅ ቀይ ክር።

«ቀዩን ለምን መረጡት፣ እማማ?» አለች ቀስ ብላ።

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። እትዬ መቀስ «ፋሽን ነው» ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ከጓዳ የሻንጣ ጎማ ድምፅ ሰሙ። ልጅቱ የሸከፈችውን ሻንጣ እየጎተተች ወደ ቁም ሳጥኑ ትመልሳለች። መሄዱን ተወችው ማለት ነው! እትዬ መቀስ ፋሽኑን ተዉት።

«ቀይ ይሁን ጥቁር አላየሁትም» አሉ። «ዓይኔ ከዳኝ፣ ልጄ።» ከዚያም እስከ አንጓቸው የወረደውን እጅጌ ጠቀለሉ። ክንዳቸውን ምድጃ አቃጥሎ ልጦታል፤ ገና አልደረቀም።

የእህታቸው ልጅ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «ይሄ መቼ ነው? ለምን አልነገርሽኝም?» አለች።

«ብነግርሽ ትቀሪያለሽ። ብደብቅሽም ለካ ትቀሪያለሽ!»

ሠራተኛዋ እንደገና ተቀመጠች፤ ጥያቄዎቿንም ከመጀመሪያው ጀመረች። በዚህኛው ዙር እትዬ መቀስ እውነቱን እያጉረመረሙ ተናገሩ።

«ረዳት ይገባዎታል» አለች በመጨረሻ። «ከሰኞ በፊት እጨርሰዋለሁ።»

«እንግዲያው ነይ፣ ያን ክር ልፍታው። አንገቴን ሊያስደፋኝ ነው።»

«አይሆንም! ነገ አለቃዬ ‹ምን አይተሽ ነው?› ሲለኝ ይኸው እለዋለሁ።»

እትዬ መቀስ ትንሽ አሰቡ።

«እሺ፣ ቀለሙን አሳዪው» አሉ። «ቁልፉንም ግን ጎትቶ ይሞክረው!»