ስሙ የማይጠራው አሳማ

ይህን ታሪክ የማያምን ካለ ከአሁኑ ተነሥቶ ይሂድ። ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው፤ አንዲት ቃል ብጨምርበት የማሌኩላ ሻርክ ይብላኝ!

የጰንጠቆስጤ ደሴቱ መልሱል ማቦንን ለማግባት የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ክራንቻው ዞሮ ቀለበት የሠራ አሳማ። ያለዚያ ሠርግ የለም። የማቦን አባት ጋራኤ ደግሞ የሰው ዓይን አያምኑም፤ “እኔ ራሴ ካላየሁት አልቀበልም” ብለው አብረውት ጀልባ ላይ ወጡ። ባለጀልባው ቦንግ የአምብሪም ደሴት ሰው ነው፤ አፉ ከሞተሩ ይበልጥ ይጮኻል።

ችግሩ፣ በእነሱ አገር አማች የአማቱን ስም አይጠራም። ካመለጠው ቅጣቱ አንድ አሳማ ነው። ስለዚህ መልሱል ማቦንን ካጨ ጀምሮ “አባባ”፣ “እሳቸው” እያለ ከርሟል።

መጀመሪያ አምባኤ ወረዱ። የዚያ ደሴት አሳማዎች ክራንቻ ገና ማጭድ እንጂ ቀለበት አልሆነም። ወደ ማሌኩላ ተሻገሩ። ጋራኤ ጀልባዋ ላይ ሲያሸልቡ መልሱል ብቻውን መንደር ገብቶ ሌይሶንግ ከምትባል ባልቴት ቤት አገኘው፦ ጥጃ የሚያህል፣ ክራንቻው አምባር የመሰለ! በአገራቸው እንደ ገንዘብ የሚቆጠሩትን የእናቱን ቀይ ምንጣፎች ሰጥቶ ተረከበ።

“ስሙን ካልጠሩት ንቅንቅ አይልም” አለችው ሌይሶንግ።

“ማን ይባላል፣ እማማ?”

“ጋራኤ።”

መልሱልን ምራቁ ትን አለው።

“ድሮ በዚህ ስም የሚጠራ የጰንጠቆስጤ እንግዳ መጥቶብን ነበር። ለመንደሩ የተጋገረውን የቦዬ ቂጣ፣ ላፕላፑን፣ ብቻውን ጠርጎ በልቶ ሲያንኮራፋ፣ ዶሮዎቼ ጫካ ገቡ። ይሄ ጉድ ሲበላ ባየው፣ ያው እሱ ነው አልኩ።”

ስሙን በአሳማው ጆሮ እያንሾካሾከች ጀልባ ድረስ አመጣችው። ጋራኤ ሴትዮዋን ሲያዩ ባርኔጣቸውን እስከ አፍንጫቸው አወረዱ።

ባሕሩ እንደ ወተት ረግቷል። አሳማው ከኋላ ሲጋደም የጀልባዋ አፍንጫ ሽቅብ ተነሥቶ፣ ፊት የተቀመጡት ጋራኤ ከወፎቹ ጋር ሰላምታ ይለዋወጡ ጀመር።

አምብሪም ጥቁሩ አሸዋ ላይ ነዳጅ ሊቀዱ ቆሙ። በዚህ መሐል ተራራው “ጉም!” አለ። አሳማው ደንግጦ ዘለለና አመዱን እያቦነነ ወደ እሳተ ገሞራው ሽቅብ ነካው።

“ና! ና የኔ ጌታ! ና የኔ ወንድም!” አለ መልሱል። አሳማው ጆሮውንም አላቆመ።

“በስሙ ጥራው እንጂ!” አሉ ጋራኤ።

“አልችልም፣ አባባ።”

“ረሳኸው?”

“ኧረ እንዴት ብዬ!”

“ለእኔ ንገረኝና ልጥራልህ” አለ ቦንግ። “ወይስ በእኔ ስም ነው የሰየመችው? መልኩስ እኔን ይመስላል።”

መልሱልን ላብ አጠመቀው። ስሙን ቢጠራ አሳማው ለቅጣት ይሄዳል፤ ዝም ቢል ለእሳት። በየትም በኩል ማቦን ቀረች።

“ስሙ… ማሌኩላ ላይ የመንደሩን ላፕላፕ ብቻውን በልቶ፣ በማንኮራፋቱ ዶሮ ያሰደደው ሰውዬ ስም ነው።”

“ወይ ሆድ! የማን ጉድ ነው ደግሞ እሱ?” ብሎ ቦንግ ሳይጨርስ ጋራኤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ተራራውን አዩ፤ ቀጥሎ ሆዳቸውን አዩ።

“ያቺ ሴትዮ እስካሁን አልረሳችውም?” አሉ። ከዚያም መዳፋቸውን አፋቸው ዙሪያ አድርገው፣ “ጋራኤ! አንተ ጋራኤ! ና ወዲህ!”

አሳማው ከአመዱ ውስጥ እንደ ድንጋይ እየተንከባለለ መጥቶ እግራቸው ሥር ዘፍ አለ። ቦንግ በሳቅ አሸዋው ላይ ተዘረረ።

“ምን ያስቅሃል አንተ? ራሱን የሚጠራ ሰው ቅጣት የለበትም!” አሉና እሳቸውም ሳቁን ለቀቁት።

የሠርጉ ዕለት ታዲያ ጉድ ታየ። የሙሽራዪቱ አባት ራሳቸው የሙሽራውን አሳማ እየመሩ፣ የገዛ ስማቸውን እየጮኹ መንደሩን አቋረጡ። ማቦን ከቤት ወጥታ፣ “አባባ፣ ማን ነው ማንን የሚያመጣው?” ስትል ጭፈራው በሳቅ ተበተነ። አሳማው ይታረድ ቢባልም ጋራኤ “ራሴን አላሳርድም!” ብለው እምቢ አሉ፤ ሠርገኛውም በዓሣና በቦዬ እስኪነጋ ጨፈረ።

ሁሉም እውነት ነው። አንዲት ነገር ብቻ ከራሴ ፈጥሬያለሁ፦ ባሕሩ ያን ቀን አልረጋም ነበር። ማዕበሉ ጀልባዋ ላይ ያለውን ሁሉ ሲያስመልስ ነው የዋለው። ቀድሞ የጀመረውም ጋራኤ ነው፤ የትኛው እንደሆነ ግን አልናገርም።