የኤሚል የመጨረሻ ጥገና

«ፊውዙ ደህና ነው፤» አለ መርል። ወገቡ ድረስ ከመሪው ሥር ገብቷል፤ ለለቅሶ የለበሰው ሱሪ አቧራ ጠግቧል። «የፍሬን ፔዳሉ ማብሪያም ይሠራል። ሽቦም አልተበጠሰም። ኤሚል ምን እንደነካካ እንጃ።»

«ባሌ የነካው ነገር ተበላሽቶ አያውቅም፤» አለች አርዲስ።

መርል ፊውዙን መልሶ ሰካ። አርባ ዓመት ሙሉ ከኤሚል ጋራዥ ፊት ለፊት ሌላ ጋራዥ ከፍቶ ደንበኛ ሲቀማው የኖረ ሰው ነውና፣ ተፎካካሪው በሞተ በሦስተኛው ቀን ክፉ መናገር አልፈለገም። ዝምታው ግን አርዲስን ከስድብ በላይ አመማት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአርዲስ ቀኝ ቁርጭምጭሚት በረዶ ላይ ወድቃ ተሰብሮ በብረት ከታሰረ ወዲህ ነዳጅ መርገጫውን ከአሥር ደቂቃ በላይ መጫን አትችልም። ኤሚል ይህን አሮጌ መኪና ከአንድ ወንደላጤ ገበሬ የገዛላት ለክሩዝ ኮንትሮሉ ሲል ነው። ቁልፉን ስትጫን መኪናው ፍጥነቱን ራሱ ይይዝላታል፣ እግሯ ያርፋል። «ሌላውን ሁሉ መጠገን እችላለሁ፤ እግርሽን ግን አልችልም፤» ነበር ያላት። ማክሰኞ ዕለት ባሏን ሆስፒታል ተሰናብታ ስትመለስ ቁልፉን ብትጫን፣ ብትጫን፣ መኪናው አልሰማ አላት። ሠላሳውን ማይል ጥርሷን ነክሳ ነዳች።

ቀብሩ ነገ ነው፤ ዘጠና ማይል ርቆ፣ የኤሚል ወላጆች ያረፉበት የገጠር ቤተ ክርስቲያን። ልጇ ዳሪል ከቢስማርክ ከተማ መጥቶ ቁርጡን ነግሯታል።

«እማዬ፣ ነገ ከእኔ ጋር ነሽ። ከዚያ መኪናው ይሸጣል፣ አንቺም እኛ ዘንድ ትገቢያለሽ። መንዳት የማይችል ሰው እዚህ ሜዳ ላይ ብቻውን ምን ይሠራል?»

«አባትህን ተከትዬ ዘጠናውን ማይል ራሴ ከነዳሁስ?»

«ከነዳሽማ አፌን ይዤ እቀመጣለሁ።»

ለመርል ቡና ልትቀዳ ወደ ቤት ስትገባ ለለቅሶ የመጡት ጎረቤቶቿ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። የተሰበረው እግሯ እንጂ ጆሮዋ አይደለም። «ምስኪን፣ መጨረሻ ላይ እጁ ከዳው፤» ትላለች አንዷ። «የሚስቱን መኪና እንኳ አበላሽቶባት ሄደ።» ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። የኤሚል ስም ግን ገና ሳይቀበር ጎረቤቶቹ ካመጡት ኬክ ጋር እየተቆረሰ ነበር። አርዲስ ቡናውን ሳትቀዳ ወጣች።

ገበሬዎች ስልካቸውን ሞተር ላይ ደቅነው ድምፁን ሲያሰሙት ኤሚል ከቤቱ ሆኖ በሽታውን ይነግራቸው ነበር። ለመጣው ሁሉ የመጀመሪያ ጥያቄው አንድ ነው፦ «ከመበላሸቱ በፊት መጨረሻ የተነካው ምንድን ነው?» አርዲስ የጋራዡን ስልክ ስታነሳ ሠላሳ ዓመት ይህንኑ ሰምታለች። አሁን ራሷን ጠየቀች።

ከመሞቱ በፊት ባለው አርብ ኤሚል የልብ ሐኪሙ ዘንድ ሄዶ «ምንም አላለኝም» ብሎ ተመለሰ። ቅዳሜ በዚያ ሁሉ ንፋስ ከመኪናው ኋላ ተንበርክኮ አገኘችው። «ግቢና ፍሬን ርገጪልኝ፤» አላት። ረገጠች። «አሁን ከካናዳም ትታያለሽ፤» ብሎ ሳቀ።

«መርል፣» አለች፣ «የምትፈልገው ከፊት ብቻ ነው። ውጣና ወደ ኋላ ሂድ።»

ገብታ ፍሬኑን ረገጠች። መርል ዓይኑን በክንዱ ከለለ።

«ደማቁን የኤል ኢ ዲ አምፖል አስገብቶበታል!» አለ። ከዚያ የመኪናውን የኋላ ክዳን መታ መታ አድርጎ መሳቅ ጀመረ። «አየሽ፣ የዚህ አሮጌ ክሩዝ ኮንትሮል በፍሬን አምፖሉ ውስጥ ባለችው ቀጭን የብረት ክር በኩል ትንሽ ኤሌክትሪክ እያሳለፈ ይፈትሻል። ክሩን ካጣ፣ አምፖሉ ተቃጥሏል ብሎ እምቢ ይላል። ይሄኛው አምፖል ደግሞ ክር የለውም።»

«ስለዚህ አልተበላሸም?»

«ምን ይበላሻል! እንዲያውም እየተጠነቀቀልሽ ነው። ኤሚል አጥፍቷል፤ እኔ ግን ይህን ጥፋት አላጠፋም ነበር። ለሚስቴ ለሉሲል አምፖል መቀየር መች ትዝ ይለኛል? የድሮዎቹን ልመልስልሽ?»

አርዲስ ከመኪናው ወርዳ የኋላውን መብራት በመዳፏ ዳሰሰች። ባሏ ሐኪሙ ያለውን ደብቋት፣ በጭጋግና በእህል መኪኖች መሃል ብቻዋን ለምትነዳበት ቀን ከሩቅ የሚያሳያትን መብራት ሲያዘጋጅላት ነበር። ከሐዘኗ በላይ ኮራች።

«የኤሚል መብራት አይነሳም፤» አለች። «ሌላ መላ አምጣ።»

መርል ከጋራዡ ሬዚስተር የሚባሉ ሁለት ትንንሽ የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ይዞ መጣ፤ ከአምፖሎቹ ጎን ከተገጠሙ መኪናው ክር ያገኘ ይመስለዋል። እሱ ሲበይድ አርዲስ ሽቦውን ያዘችለት። ሲጨርስ ወደ ወጥ ቤቱ ገብቶ ሴቶቹ እስኪሰሙ ድረስ ጮክ ብሎ የሆነውን ተናገረ፤ ባላጋራ ሲመሰክር ማን ይከራከራል።

በማግስቱ አስከሬኑን የያዘው መኪና ፊት ፊት ሄደ፣ አርዲስ ተከተለች፣ ከእሷ ኋላ አገሩ ሁሉ። ዳሪል ጎኗ ተቀምጧል። ፍጥነቷ በሰዓት ሃምሳ አምስት ማይል ሲደርስ ቁልፉን ተጫነች። መኪናው ያዘ። እግሯን ከመርገጫው አንስታ ወለሉ ላይ ዘረጋችው። ዳሪል እግሯን አየ፣ መንገዱን አየ፤ አፉን ይዞ ተቀመጠ።

ቤተ ክርስቲያኑ ሲታይ ፍጥነቱን ለማስለቀቅ ፍሬኑን በስሱ ነካችው። ኋላዋ ያለው ሰልፍ በሙሉ በኤሚል መብራት በመስታወቱ ውስጥ ቀላ። ቀጥ ብላ ተቀመጠችና፣ መኪናው ምንም ሳያስፈልገው፣ ፍሬኑን አንድ ጊዜ ደግማ ረገጠችው።