የማይሙ ድንጋዮች

ማይሙ እስከ ወገቧ ምድጃው ውስጥ ገብታለች። አክስቷ ሳልሜ የጥቁር ቀሚሷን ጫፍ ሰብስባ በእንፋሎት መታጠቢያ ቤቱ፣ በሳውናው ደጃፍ ላይ ቆማ፣ ከውጭ የቀሩትን ሁለት እግሮች ትቆጣለች።

«አባትሽን ከቀበርን ገና አንድ ቀናችን ነው! ቤቱ ለቀስተኛ ሞልቶ አንቺ ጥላሸት ትጠርጊያለሽ?»

«ዛሬ ቅዳሜ ነው» አለ ከውስጥ የታፈነ ድምፅ። «በእኛ በቮሩማ አገር ለቀስተኛ ቅዳሜን ሳይታጠብ ያልፋል እንዴ?»

«ሳውናው የአባትሽ የኤልማር ነበር፤ ከኤልማር ጋር አበቃ። ሆስፒታል ተኝቶ ምን እንዳለኝ ልንገርሽ? ‹ዝጊው፤ ከእኔ በኋላ የሚይዘው የለም› ነው ያለኝ።»

እግሮቹ መንቀሳቀስ አቆሙ።

የኤልማር እጆች መንቀጥቀጥ የጀመሩት ከስድስት ዓመት በፊት ነው። ጭስ ማውጫ የሌለው ምድጃ ያለ ጭቃ፣ ድንጋይ በድንጋይ ተደግፎ የሚቆም ነው። እሳት የሰነጠቀውን በየመኸሩ እያወጡ ካልቀየሩለት አንድ ቀን ሰው ላይ ይናዳል። በዚያ መኸር ኤልማር አንዱን ድንጋይ ሦስት ጊዜ አንስቶ ሦስት ጊዜ ጣለው። ማይሙ ተቀብላው ተንበርክካ ገባች። እሱ በርጩማ ላይ ተቀምጦ «ወደ ግራ! ግራሽን አታውቂም እንዴ?» እያለ ሲጮህባት ዋለ። ጎረቤቶች ታጥበው ሲወጡ «አይ ኤልማር፣ እጅህ ይባረክ!» አሉት። ቢራውን ተጎነጨና «ሥራ ነዋ» አለ። ማይሙን ቀና ብሎ አላያትም። ስድስት መኸር እንዲሁ አለፈ።

ማይሙ ከምድጃው ወጣች። ፊቷ ከል ከለበሰው ሰውነቷ ብሶ ጠቁሯል። በእጇ ለሁለት የተከፈለ ድንጋይ ይዛለች።

«እንደዚያ ብሏል?»

«በእግዚአብሔር ስም፣ ብሏል።»

«እንግዲያው ዋሽቷል።» ስባሪውን ሳልሜ እግር ሥር ጣለችና ሌላ ድንጋይ አንስታ ተመልሳ ገባች።

ሳውናው ሲጨስ አረፈደ። ከቀትር በኋላ ማይሙ ፍሙን ጠርጋ አወጣች፤ መደቦቹን አጠበች፤ ዓይን የሚያቃጥለውን የመጀመሪያውን እንፋሎት በበሩ አስወጣች። ወንዶቹ ቀድመው ታጠቡ። ጎረቤታቸው አውጉስት በፎጣ ተጠቅልሎ፣ ቲማቲም መስሎ ብቅ አለ።

«ኤልማር ሞተ ያለው ማነው? እንፋሎቱ ራሱ እኮ ነው! እንደሱ ድንጋይ የሚደረድር ሁለተኛ አይወለድም።»

«ተወልዷል» አለች ማይሙ። «የደረደርኩት እኔ ነኝ። የዛሬውንም፣ የአምናውንም፣ የስድስት ዓመቱንም።»

አውጉስት ፎጣውን አጥብቆ ያዘ።

«እሱስ?» አለ።

«እሱማ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ይሰድበኝ ነበር።»

አንዱ ሳቀ፤ ለቅሶ ላይ መሆኑ ትዝ ሲለው አፉን ያዘ። ሳልሜ አልሳቀችም። ፎጣዋን አንስታ «እስቲ ያንቺን እንየው» ብላ ቀድማ ገባች።

ላይኛው መደብ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ማይሙ አንድ ጭልፋ ውሃ ድንጋዮቹ ላይ ረጨች። ግለቱ ቀስ ብሎ ትከሻቸው ላይ ወረደ። ሳልሜ እንፋሎቱን በረጅሙ ስባ፣

«የእሱ ነው የሚመስለው» አለች።

«የእኔ ነው» አለች ማይሙ። ድምጿ ግን መሃል ላይ ተሰበረ። ቀብሩ ላይ እንኳ አላለቀሰችም ነበር። ከደረቷ የሚወጣው ሲቃ እንዳይሰማባት ፈጥና ውሃ ጨመረች፤ ድንጋዮቹ ቸስ ብለው ጮኹ። ደግሞ መጣባት፤ ደግሞ ጨመረች።

«ኧረ ልታቃጥዪኝ ነው!»

«ካልቻልሽ ውረጂ!»

ሳልሜ አልወረደችም። አንገቷን ደፍታ ጆሮዎቿን በመዳፎቿ ከደነች። ማይሙ ጭልፋውን እንደገና ባልዲው ውስጥ ነከረች።