ሞላ ያለው ቆርቆሮ

በዚያ ክፉ ድርቅ ቆቦ ላይ ከጭነት መኪና የወረደው የሥጋ ቆርቆሮ፣ ፀሐይ በሚያግለው መጋዘን ውስጥ ተቆልሎ ከረመ። የነካው የለም። ሙስሊሙ «ክርስቲያን አርዶት ቢሆንስ?» ይላል። ክርስቲያኑም «እስላም አርዶት ቢሆንስ?» ይላል። አገሬው በረሃብ እያለቀ እንኳ ማን እንዳረደው ሳያውቅ ሥጋ አይጎርስም።

ኡሙልኸይር ከሮቢት ስትመጣ ወንዶቹን ልጆቿን መንገድ ላይ ቀብራለች። የቀረቻት ጀርባዋ ላይ ያለችው ዚነት ብቻ ናት። ዚነትም ድምፅዋ ጠፍቷል፤ ዓይኗ ላይ ያረፈውን ዝንብ እንኳ አታባርርም።

«ማን ነው ያረደው?» አለችው የመጋዘኑን ጠባቂ ታረቀኝን።

«ከባሕር ማዶ የመጣን ሥጋ እኔ በምን ልወቀው? ሥዕሉ የላም ነው። ከፈለግሽ መርጠሽ ውሰጂ።»

መረጠች። ከጠፍጣፎቹ መካከል ክዳኑ ወደ ላይ የጎበጠ፣ ሆዱ የተነፋ አንድ አገኘች። ይሄስ ሞልቷል ብላ ደስ አላት። ምስኪን! ሙቀት ያበላሸው ቆርቆሮ እንደሚነፋ ማን ነግሯት?

ሸህ ከማሉዲን መስጊዱ ጥላ ሥር ተቀምጠው ቆርቆሮውን አገላበጡት። የአሳማ ሥዕል እንደሌለበት አዩ። የዓረብ ፊደል ፈለጉ፤ አጡ። ያበጠው ክዳን ላይም እጃቸው አርፎ ነበር፤ ልብ ሳይሉት አለፉ። ከዚያ ልጅቱን አይተው ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«አላህ ነፍሱን ለማትረፍ የበላን አይጠይቅም። ቢስሚላህ ብለሽ አብያት።»

«ሐራም በልታ ብትሞትብኝስ፣ ሸሆቹ?»

«ወንጀሉ በእኔ ይሁን፣ ልጄ።»

በቢላ ስትወጋው ቆርቆሮው እስስስ ብሎ ተነፈሰ፤ መጥፎ ጠረንም አወጣ። ደነገጠች። የፈረንጅ ሥጋ እንዲህ ይሆናል ብላ ራሷን አጽናናችና አጎረሰቻት። ዚነት ዋጠች። ቆይታም፣ ጠፍቶ የከረመ ድምፅዋ ወጣ።

«እማ፣ ጨምሪልኝ።»

ኡሙልኸይር በደስታ እያለቀሰች እስኪያልቅ አጎረሰቻት። ለራሷ ጣቷን እንኳ አልላሰችም።

በማግስቱ ዚነት ተቀበረች። ሰው ሁሉ ረሃብ ነው የገደላት አለ። ያን ሰሞን ሞትን ማን ይመረምራል? ኡሙልኸይር ግን «ልጄ ጠግባ ነው የሞተችው» እያለች ከመቃብር ተመለሰች።

መጋዘኑ ደጅ የሸሁን ቃል የሰሙ እናቶች ተሰልፈዋል። ሕፃን ያዘለችው ራህመት ከቁልሉ ፊት ቆማ ግራ ገብቷታል። ኡሙልኸይርን አሳዘነቻት። ጠጋ ብላ ከቆርቆሮዎቹ መካከል ፈለገችና አንዱን አንስታ እጇ ላይ አኖረችላት።

«ሞላ ያለውን ውሰጂ፣ እህቴ።»